ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ጭስ፦ ዩኒቨርሲቲዎች የካርቦን ልቀታቸውን እንዴት ሊቀንሱ ይችላሉ?

ገና ሳይነጋ፣ ተማሪው ከአልጋው ሳይወርድ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ወጥ ቤቱ ነው። ለብዙ ሺህ ሰው የሚበቃ የሻይ ውኃ ይጣዳል፤ ሽሮው በትልልቅ ብረት ድስት ይንተከተካል፤ በጋጋሪዎቹ ክፍል ምጣዱ ሲግል እንጀራው መውጣት ይጀምራል። ከሕንፃው ጀርባ ደግሞ በጭነት መኪና የመጣ የባሕር ዛፍ እንጨት ተከምሮ ይታያል። ከ40 በላይ ከሆኑት የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በበርካታዎቹ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ግቢ ሳይቀር፣ ማገዶ ዛሬም ከወጥ ቤት አልወጣም።

ያ የእንጨት ክምር የግቢው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን ዛፉን ተክሎ፣ ዓመታት ጠብቆ የሸጠው አርሶ አደር አለ። በሌላው ወገን ከዩኒቨርሲቲው ጋር በአንድ ገበያ እንጨት የሚገዛ፣ በአንድ መስመር መብራት የሚጋራ፣ ጭሱንም የሚተነፍስ የከተማ ነዋሪ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች የካርቦን ልቀታቸውን ይቀንሱ ሲባል ገቢውና ወጪው፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ወደ እነዚህ ሰዎች ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህም ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይገባል።

ልቀት እንዴት ይቆጠራል?

የምድርን ሙቀት አፍነው የሚይዙት ጋዞች ሙቀት አማቂ ጋዞች ይባላሉ። ከእነርሱ ዋነኛው፣ እንጨት፣ ከሰል ወይም ናፍጣ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ተቋም ምን ያህል እንደሚለቅ ለማወቅ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት አቆጣጠር ልቀቱን በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው በግቢው ውስጥ በራሱ በተቋሙ የሚነደው ነው፤ የወጥ ቤቱ ማገዶ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ የመኪኖቹ ነዳጅ። ሁለተኛው ከውጭ የሚገዛው ኤሌክትሪክ ሲመነጭ የተለቀቀው ነው። ሦስተኛው ሌሎች ለተቋሙ ሲሉ የሚያወጡት ነው፤ የሕንፃው ሲሚንቶ ሲመረት፣ ጤፉና ምስሩ ሲታረስና ሲጓጓዝ፣ ሠራተኛው ለስብሰባ በአውሮፕላን ሲሄድ፣ ቆሻሻው ሲበሰብስ የሚወጣው ሁሉ በዚህ ሥር ይገባል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቁ ሸክማቸው የክረምቱ ብርድ ነው። ክፍሎቻቸውን የሚያሞቁት በአብዛኛው በጋዝ ነው፤ ከኤሌክትሪካቸውም ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ድርሻ አለ። ስለዚህ ሥራቸውን የሚጀምሩት ግድግዳና ጣሪያ ሙቀት እንዳያባክን በመሸፈን፣ መብራት በመቆጠብና የማሞቂያ መሣሪያ በመለወጥ ነው። የኢትዮጵያ ነገር የተለየ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ ይመነጫል፤ ነፋስም ይጨመርበታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይህን ይበልጥ አጠናክሮታል። በመሆኑም በአንድ የኢትዮጵያ ግቢ ውስጥ አምፖል ማጥፋት የመብራት ሒሳብን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የካርቦኑን መዝገብ እምብዛም አይነካውም። ከውጭ ተቀድቶ የመጣ ዕቅድ አምፖል ሲቆጥር የወጥ ቤቱን ጭስ ሊያልፈው ይችላል።

የጭሱን መጠን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ሲነድ ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይጣመራል፤ በዚህ ምክንያት አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ከራሱ ክብደት የሚበልጥ፣ ከ1 ነጥብ 7 እስከ 1 ነጥብ 8 ኪሎ የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ለምሳሌ ያህል 10 ሺህ ተማሪዎች የሚመገቡበት ግቢ ይታሰብ፤ ለአንድ ተማሪ በቀን ግማሽ ኪሎ እንጨት ይነዳል ተብሎ ይያዝ። በቀን 50 ኩንታል፣ በ300 ቀን 15 ሺህ ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣው ጋዝ 2 ሺህ 600 ቶን ገደማ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2 ነጥብ 7 ኪሎ ያህል ስለሚለቅ፣ ያን ያህል ጋዝ ለመልቀቅ አንድ ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ማንደድ ይጠይቃል። ቁጥሩ ለማስረዳት የተወሰደ ነው፤ የእያንዳንዱ ግቢ እውነተኛ ቁጥር የሚታወቀው እንጨቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

እንጨቱ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ። ዛፍ ሲያድግ ካርቦኑን የሚወስደው ከአየር ነው። ተቆርጦ ሲነድ የወሰደውን ይመልሳል፤ በቦታው ሌላ ዛፍ ካደገ ደግሞ የተመለሰው እንደገና ይወሰዳል። ታዲያ የማገዶ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልሱ እንደ እንጨቱ ምንጭ ይለያያል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በአግባቡ የተያዘ የባሕር ዛፍ ማሳ ለዓመታት ደጋግሞ ይቆረጣል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አርሶ አደሮች ያዳበሩት የዲከረንስ ተክል ሥርዓትም በምርምር ጽሑፎች ሳይቀር በስፋት የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይበቅላል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ለከብት የሚሆን ሣር ይታጨዳል፤ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ወደ እህል ይመለሳል። ዲከረንስ እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈር የሚሰጥ ዝርያ በመሆኑ የተራቆተ መሬትን ይክሳል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ያጠቃው በሽታ ግን ገቢያቸውን በእርሱ ላይ የመሠረቱ ቤተሰቦችን ጎድቷል፤ ተመራማሪና አርሶ አደር ምን ያህል እንደሚፈላለጉ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ ማግኘት ያስቸግራል።

እንዲህ ካለው ማሳ የመጣ እንጨትና ከተፈጥሮ ደን የተቆረጠ ወይራ ወይም ግራር በካርቦን መዝገብ ላይ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በአምስትና በስድስት ዓመት ይተካል። የሁለተኛው ምትክ የአንድ ሰው ዕድሜ ሊጠይቅ፣ ከነጭራሹም ላይተካ ይችላል። ዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከእንጨት የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከናፍጣው ለይቶ በሌላ ዓምድ እንዲመዘገብ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአቅራቢው ነጋዴ ሊያቀርበው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ከዋጋው ቀጥሎ «እንጨቱ ከየት መጣ?» የሚለው ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የእንጨቱ ምንጭ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ጭሱ ንጹሕ አይሆንም። በደንብ ካልነደደ እንጨት ጥቀርሻና ሚቴን ይወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል የማሞቅ ኃይል አለው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጭሱን የሚውጡት ምድጃው ፊት የሚቆሙት ሠራተኞች፣ በአብዛኛውም ሴቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል። የጋጋሪዋ ዐይንና ሳንባ በካርቦን መዝገብ ውስጥ ዓምድ የለውም፤ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ከርካሹ እስከ ውዱ

በጣም ርካሹ መፍትሔ እንጨትን ማድረቅ ነው። ወዲያው የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውኃ ነው። ያ ውኃ እስኪተን ድረስ እሳቱ ድስቱን ሳይሆን እንጨቱን ያበስላል፤ ጭሱም ይበዛል። ጣሪያ ባለው፣ ነፋስ በሚገባበት መጋዘን ከአንድ የዝናብ ወቅት በፊት የተከማቸ ማገዶ ያለ ምንም ማሽን ፍጆታን ይቀንሳል። ድስት መክደን፣ ባቄላና ምስርን ቀደም ብሎ መዘፍዘፍ፣ እንጀራን በአንድ ተከታታይ ጋገራ መጨረስም እንዲሁ ነው። የሸክላ ምጣድ እስኪግል ብዙ ሙቀት ይጠጣል፤ በየሰዓቱ እያቋረጡ የሚጋግሩበት ወጥ ቤት ያንን ሙቀት ደጋግሞ ይከፍላል። ይህንን ማንኛዋም የቤት እመቤት ታውቀዋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ግን በሥራ መርሐ ግብር ላይ መጻፍ ይኖርበታል።

ቀጣዩ ምድጃው ነው። በኢትዮጵያ የተሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ የሚጠጋ ማገዶ እንደሚቆጥብ ከታወቀ ቆይቷል። ለትልልቅ ድስቶች የሚሆኑ፣ ጭሱን በጭስ ማውጫ ወደ ውጭ የሚያወጡ የተቋም ምድጃዎችም አሉ። የዩኒቨርሲቲ ወጥ ቤት ለምሕንድስና ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመሞከሪያ ቦታ አይገኝለትም፤ ምድጃው ከግቢው ሳይወጣ ይለካል፣ ይስተካከላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይለካል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በካርቦን ረገድ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ ከውኃ የመነጨ ኃይል እንጀራ ሲጋግር ጭስ የለም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ የቤት ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በአንድ ጊዜ 40 ምጣድ ቢሰካ እስከ 160 ኪሎዋት ይጠይቃል። ትራንስፎርመሩ ይህን የማይችል ከሆነ የግቢው እንጀራ የሰፈሩን መብራት ያጠፋል፤ ነዋሪውም ቢቆጣ ፍርዱ ትክክል ነው። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ መሸጋገር የሚገባው የራስን ትራንስፎርመር አስቀድሞ በማዘጋጀት፣ ጋገራውንም የከተማው ፍላጎት ከሚበዛበት ከምሽቱ ሰዓት ወደ እኩለ ሌሊት በማዛወር ነው። እንጀራ አንድና ሁለት ቀን የሚቆይ ምግብ መሆኑ ለዚህ ይመቻል። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ናፍጣ ጄኔሬተር ወደ ማስነሣት የሚመለስ ግቢ ግን የቆጠበውን መልሶ ያቃጥላል።

አራተኛው መንገድ ባዮጋዝ ነው፤ ለአርሶ አደሩም እንግዳ አይደለም፤ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በገጠር ቤተሰቦች ዘንድ ሲሠራ ቆይቷል። እበት፣ የምግብ ትራፊ ወይም የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ አየር በማይገባበት ከመሬት በታች በተሠራ ጉልላት ውስጥ ሲብላላ ሚቴን ይወጣል፤ ያ ጋዝ በቧንቧ ወደ ምድጃው ሄዶ ያለ ጭስ ይነዳል። በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚኖርበት ግቢ ጥሬ ዕቃው በየቀኑ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ወጪ ወጥቶበት የሚደፋውም እርሱው ነው።

ይህ በሌላ የአፍሪካ አገር በተግባር ታይቷል። የርዋንዳው የኪጋሊ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኋላ ላይ በርዋንዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጠቃለለው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ታራሚዎች በሚኖሩባቸው ማረሚያ ቤቶች ከመጸዳጃ ፍሳሽ ጋዝ የሚያመነጩ ትልልቅ ጉልላቶች ሠርቷል። ማረሚያ ቤቶቹ የማገዶ ፍጆታቸውን በግማሽ ገደማ መቀነስ ችለዋል፤ ተቋሙም በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2005 «አሽደን» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ጉልላቶቹን በመገንባት ሂደትም ግንበኞችና ቴክኒሻኖች ሠልጥነዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛው ቅዝቃዜ ነው፤ በደጋ አካባቢ ብላቱ ስለሚዘገይ ጉልላቱ ትልቅ መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛው የሰው ስሜት ነው፤ ከመጸዳጃ ቤት በወጣ ጋዝ የበሰለ ምግብ የሚጸየፍ አይጠፋም። ጋዙ በቧንቧ ተለይቶ የሚመጣና በእሳት የሚያልቅ በመሆኑ ምግቡን የሚነካው ነገር የለም፤ ይሁን እንጂ ስሜቱን በንቀት ማለፍ ሥራውን ያሰናክላል። በእበትና በምግብ ትራፊ መጀመር ይህን ችግር ያቀለዋል። በጣና ሐይቅ ላይ የተስፋፋው እምቦጭም ለባዮጋዝ ሊውል እንደሚችል በምርምር ታይቷል፤ ነገር ግን ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ውኃ ስለሆነ ሩቅ ማጓጓዝ አያዋጣም፤ የሚጠቅመው ለሐይቁ ቅርብ የሆነ ግቢ ነው።

ስለ መኪኖች ብዙ ማለት አያስፈልግም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ የዩኒቨርሲቲ መኪኖችም በጊዜ ሂደት ወደ ኤሌክትሪክ መሄዳቸው አይቀርም። ችግኝ ተከላ ግን አንድ ማሳሰቢያ ይሻል። ዩኒቨርሲቲዎች በየክረምቱ ይተክላሉ፤ ሪፖርት የሚደረገው በአብዛኛው የተተከለው ቁጥር ነው። ዛሬ የወጣውን ጭስ ነገ የተተከለ ችግኝ ወዲያው አይውጠውም፤ በካርቦን መዝገብ ላይ ሊሰፍር የሚችለው ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኘው ዛፍ ነው።

ትምህርቱስ?

በ1983 ዓ.ም በፈረንሳይ ታሎር በምትባል ስፍራ፣ በአሜሪካው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጋባዥነት የተሰበሰቡ 22 የዩኒቨርሲቲ መሪዎች አንድ መግለጫ አወጡ። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ሁሉ የአካባቢ ጥበቃ ዕውቀት እንዲሰጡና በራሳቸው አሠራር አርአያ እንዲሆኑ የሚጠይቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተቋማት ፈርመውበታል። ፊርማ ቀላል ነው፤ ከሁለቱ ቃል ኪዳኖች የሚከብደው ሁለተኛው ነው። በናይሮቢ የሚገኘው የስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 በጣሪያዎቹ ላይ 600 ኪሎዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ሲተክል፣ ጣሪያው ራሱ የመማሪያ ክፍል ሆነ፤ የፀሐይ ኃይል ባለሙያዎች የሚሠለጥኑትም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያ ግቢዎች ወጥ ቤቱ ተመሳሳይ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የማገዶውን ግዢ ከተማሪው ቁጥር ጋር ያሰላል፤ የጤና ተማሪ የጋጋሪዎችን አተነፋፈስ ይለካል፤ የግብርና ተማሪ የእንጨቱን ምንጭ እስከ ማሳው ድረስ ይከተላል፤ የሕግ ተማሪ የጨረታ ሰነዱን ያርማል። አንድ ሚዛን፣ አንድ መዝገብና አንድ የትምህርት ወሰን ለዚህ በቂ ነው።

ዕውቀት ከግቢ አጥር ካልወጣ ምን ሊሆን እንደሚችል የሐሮማያ ሐይቅ ያሳያል። ሐይቁ በአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የግብርና ትምህርት ተቋማት አንዱ በሚገኝበት ስፍራ ነበር። ለመስኖና ለከተሞች መጠጥ የሚሳበው ውኃ በዛ፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የታጠበው ደለል ሞላው፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ምክንያቱን ያጠኑ ተመራማሪዎች አልጠፉም ነበር፤ ጥናት ግን በራሱ የውኃ ፓምፕ አያስቆምም። ባለፉት ዓመታት ውኃው በከፊል ተመልሷል፤ እንዲቆይ ማድረግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

በተቃራኒው ደቡብ ጎንደር ላይ የሆነውን ማየት ይቻላል። ብዙ አንባቢ «እመጓ» በተሰኘው ልቦለዱ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው። በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩትን ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ያቀፉ ደኖች ሲያጠና፣ የዛፎቹ ዘር ቢበቅልም ከብት ስለሚግጠውና ስለሚረግጠው እንደማያድግ ተመለከተ። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋር በመሆንም ካህናቱና ምእመናኑ ደኖቹን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ ተሠራ። ድንጋዩ የተለቀመው ከአርሶ አደሮቹ ማሳ ላይ ነበር፤ ማሳው ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ።

አርሶ አደሩ ምን ይጠብቃል?

ዩኒቨርሲቲ ማገዶ መግዛቱን በአንድ ጀምበር ቢያቆም ባሕር ዛፍ ያለው ገበሬ ገዢ ያጣል። ሽግግሩ በዓመታት የሚከፋፈል ከሆነ ግን ዛፉን ለአጣናና ለቋሚ እስኪደርስ የማቆየት ዕድል ያገኛል፤ ይህም ከማገዶ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ከባዮጋዝ ጉልላቱ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ናይትሮጅኑን ያልጣለ ማዳበሪያ ነው። ከእበት የወጣው በቀጥታ ወደ ማሳ ሊሄድ ይችላል፤ ከመጸዳጃ ፍሳሽ የወጣው ግን መጀመሪያ በኮምፖስት መልክ በሚገባ መብላላት አለበት፤ በጥሬው ለሚበላ አትክልትም አይሆንም። የማዳበሪያ ዋጋ በየዓመቱ በሚያሳስብበት አካባቢ፣ ግቢው ዝቃጩን ለማን፣ በምን ዋጋ፣ በምን ማጓጓዣ እንደሚሰጥ ከወዲሁ ከቀበሌዎች ጋር መነጋገሩ ተገቢ ነው።

እስከዚያው ማገዶ መገዛቱ ስለማይቀር የግዢው ውል ሊስተካከል ይችላል። ዛሬ እንጨት በክብደት ሲሸጥ እርጥቡን ያቀረበ ይጠቀማል፤ ገዢው ለውኃ ይከፍላል፣ ሠራተኛዋ ጭሱን ትጠጣለች። ለደረቀ እንጨት በኩንታል የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ውል ቢኖር፣ በኅዳር የቆረጠው ገበሬ እስከ ግንቦት በዳስ ሥር አቆይቶ ለመሸጥ ምክንያት ያገኛል። እርጥበት መለኪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በግቢው መግቢያ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ይቀመጣል።